ከራስ በላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖች

ዛሬ በአሜሪካ አገር፣ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ የወንዝ ዳር መናፈሻ ልወስድሽ አስቤአለሁ። ስሙ ግራቭሊ ፖይንት ይባላል። ሙዚየም የለበትም፣ አበባና ፏፏቴም የለበትም። ሜዳ ነው። ሰው ሁሉ ምንጣፉን ይዞ የሚመጣው ግን አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሳ ለማየት ነው።

«ደግሞ አውሮፕላን ምኑ ይታያል?» ትዪ ይሆናል። አልፈርድብሽም። እኔና አንቺ አውሮፕላንን የምናውቀው ከውስጥ ነው። ቦሌ ላይ ወረቀታችንን በፌስታል ይዘን በሰልፍ ቆመን፣ ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር ከጎናችን ከተቀመጠችው እየሰረቅን አይተን፣ መስኮት የደረሳት እያለቀሰች፣ ያልደረሳት አንገቷን እያሰገገች ነው የሄድነው። ስናርፍም ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ስሟ ተጠርቶ አሠሪዋ እስኪወስዳት ድረስ የጠበቀች ብዙ ናት። ከዚያ ወዲያ አውሮፕላን ማለት ልብስ ለማስጣት ሰገነት ስንወጣ በላያችን የሚያልፍ ድምፅ ነው። እኔ ቤይሩት ሳለሁ ቀና ብዬ «ይኼኛው የኛ ይሆን?» እያልኩ ስንት ጊዜ ልብስ መቆንጠጫ ከእጄ ወድቋል! ሳልሳፈር፣ ማንንም ሳልሸኝ፣ ማንንም ሳልጠብቅ፣ እንዲሁ ተቀምጬ አውሮፕላንን ማየት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ግን እዚህ ቦታ ነው። ስለዚህ ነው ልነግርሽ የፈለግሁት።

ግራቭሊ ፖይንት የሚገኘው በቨርጂኒያ ግዛት፣ አርሊንግተን በሚባለው አካባቢ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙን ብትሻገሪ ዋሽንግተን ነሽ። ከሜዳው ላይ ቆመሽ ወዲያ ማዶ ስትመለከቺ 169 ሜትር የሚረዝመው የዋሽንግተን ሐውልት እንደ ተሳለ እርሳስ ቀጥ ብሎ ይታይሻል፤ የምክር ቤቱ ነጭ ጉልላትም አለ። ፖቶማክ እንደ ዓባይ የሚጮኽ ወንዝ አይደለም። እዚህ ሲደርስ ሰፋ ብሎ፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ የባሕሩ ውሃ ከፍና ዝቅ ሲልም አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ሰዎች ትንንሽ ጀልባዎቻቸውን በመኪና ጎትተው አምጥተው ከዚሁ ሜዳ ጥግ ወደ ውሃው ያወርዳሉ።

በሜዳው ደቡብ በኩል፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ሮናልድ ሬገን ዋሽንግተን ናሽናል የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ አለ። የማኮብኮቢያው ጫፍ ከመናፈሻው 120 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ግራቭሊ የሚለው ስም በእኛ ቋንቋ ጠጠራማ እንደማለት ነው፤ ዛሬ ኤርፖርቱ ያለበት ስፍራ ራሱ ቀድሞ በዚህ ስም የሚጠራ ጭቃና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1938 ከመረጡ በኋላ ከወንዙ አሸዋና ጠጠር እያወጡ ሞሉት፤ ኤርፖርቱም በሰኔ ወር 1941 ሥራ ጀመረ። የሬገን ስም የተጨመረበት በ1998 ነው። ነባሩ ሰው ግን አሁንም «ናሽናል» ይለዋል፤ የኛም ታክሲ ነጂዎች እንደዚያው።

ዋናው ማኮብኮቢያ ርዝመቱ ከ2,200 ሜትር ትንሽ ያንሳል። የቦሌ ረጅሙ 3,800 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም ሩጫ ይፈልጋል። እዚህ ግን ከወንዙ ጋር እኩል በሆነ ቆላ ስለሆነ በአጭሩ ይበቃቸዋል። ቢሆንም አንድ ጫፉ ውሃ፣ ሌላውም ጫፉ ውሃ ነው፤ ለአብራሪ ቀልድ የሚያስችል ቦታ አይደለም።

አሁን ሜዳው ላይ ቁጭ በይ። ፊትሽን ወደ ሰሜን፣ ወደ ድልድዮቹ አዙሪ።

መጀመሪያ የምታዪው መብራቱን ነው። ከወንዙ በላይ፣ ሩቅ፣ በቀን እንኳ የሚያበራ አንድ ነጥብ ይታያል። ነጥቡ ቆሞ የቀረ ይመስላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ሁለት ሦስት መብራት ይሆናል፣ ክንፍ ያወጣል። ድልድዮቹ አጠገብ ሲደርስ አንድ ክንፉን ዝቅ አድርጎ ይታጠፋል። መጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ «ወደቀ!» ብዬ ብድግ ብያለሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ፈረንጆች ሳቁብኝ። ከታጠፈ በኋላ ክንፎቹን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ወደ አንቺ ይመጣል። ጎማዎቹ ተዘርግተዋል፤ መቁጠር ትችያለሽ። ሆዱ ላይ ያሉትን የብረት መገጣጠሚያዎች ታያለሽ። ከራስሽ በላይ የሚሆነው የአንድ መካከለኛ ፎቅ ቤት ያህል ከፍታ ብቻ ነው። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ነው እንግዲህ፤ ግን ትልቅ ስለሆነ የዘገየ ይመስላል። ጥላው በሣሩ ላይ፣ በሕፃናቱ ላይ፣ በአንቺም ላይ ሮጦ ያልፋል። ድምፁን በጆሮሽ ብቻ አትሰሚውም፤ ደረትሽ ውስጥ ይገባል።

ካለፈ በኋላ ደግሞ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ቶሎ ወደ ወሬሽ አትመለሺ። ጥቂት ጠብቂ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፉጨት ከሰማይ ይወርዳል፤ ረጅም ሻሽ በኃይል ሲራገፍ የሚሰማው ዓይነት። ይህ ከክንፎቹ ጫፍ እየተጠማዘዘ የወጣው አየር ነው፤ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላም እንደ አውሎ ነፋስ እየዞረ ቁልቁል ይወርዳል። ቦታውን የለመዱ ልጆች ይህን ያውቃሉ፤ «እሽ፣ እሽ» ተባብለው ጸጥ ብለው ይጠብቁታል። ለእኔ ከአውሮፕላኑም ይልቅ ይህ ፉጨት ነው የሚገርመኝ። በዚያ ወገን ደግሞ ጎማው አስፋልቱን ሲነካ ነጭ ጭስ ቡን ይላል። ዞር ስትዪ ከድልድዮቹ በላይ ሌላ መብራት መጥቷል።

ለምን እንደዚያ ታጥፎ ይመጣል? ቀጥ ብሎ በከተማው ላይ ለምን አያልፍም? ምክንያቱ ሰማዩም አጥር ያለው መሆኑ ነው። ፕሬዚዳንቱ በሚኖሩበት በኋይት ሐውስና በምክር ቤቱ ላይ መብረር የተከለከለ ነው። ኤርፖርቱ ደግሞ ከእነዚህ ቦታዎች ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከሰሜን የሚመጡት አብራሪዎች ወንዙን በዓይናቸው እያዩ፣ እሱ ሲጠመዘዝ እየተጠመዘዙ፣ ልክ መንገድ እንደጠፋበት እረኛ ውሃውን ተከትለው ይወርዳሉ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ቀኝ ታጥፈው ማኮብኮቢያውን ያገኙታል። ወደ ሰሜን የሚነሱትም እንደዚሁ ገና ከመሬት ሳይርቁ ወደ ግራ ታጥፈው ወንዙን ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2001 በአሜሪካ ላይ ጥቃት በደረሰ ጊዜም ይህ ኤርፖርት ለከተማው ካለው ቅርበት የተነሳ ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይቶ ነው የተከፈተው፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ዝግ ነበር።

ታዲያ ሁልጊዜ ከራስሽ በላይ ያርፋሉ ብለሽ እንዳትጠብቂ። ይህን የሚወስነው ነፋሱ ነው። አሞራ ሲያርፍ አይተሽ ከሆነ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው፤ አውሮፕላንም ሲያርፍም ሲነሳም እንደዚያ ነው። ዘዴውን ልንገርሽ። ፊትሽን ወደ ኤርፖርቱ አዙረሽ ቁሚ። ነፋሱ ፊትሽን ከመታሽ ዕድለኛ ነሽ፤ ከኋላሽ በወንዙ በኩል መጥተው በላይሽ አልፈው ያርፋሉ። ነጠላሽን ከኋላ ወደ ፊት ከገፋው ግን የሚያርፉት በወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ወደ አንቺ እየተንደረደሩ የሚመጡት የሚነሱት ናቸው። እነዚህ ሲያልፉ ከፍ ብለዋል፣ ድምፃቸው ግን ከሚያርፉት ይብሳል። ሕፃን ይዘሽ ከሆነ ጆሮውን ሸፍኚለት። በበጋቸው ወራት የደቡቡ ነፋስ ይበዛል፤ በብርዱ ጊዜ ሰሜኑ ይበረታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ይሞላል። ኳስ የሚጫወት አለ፣ ብስክሌት የሚነዳ አለ፣ ረጅም ካሜራ የተሸከመ አለ። ከሁሉም አገር ሰው ታያለሽ። የኛም ሰው አይጠፋም፤ በዚህ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፣ በዚሁ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱም ብዙ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ነጭ እንደለበሱ የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ። አባትየው የኩባንያዎቹን ስም ከጅራታቸው እያነበበ ለልጆቹ ይነግራል። ልጆቹ ግን አንድ ጥያቄ አያጡም፤ «የኢትዮጵያስ መቼ ይመጣል?»

እሱ እዚህ አይመጣም። የኛ አውሮፕላን የሚያርፈው ደለስ በሚባለው፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ትልቅ ኤርፖርት ነው። ናሽናል በሕግ የተገደበ ነው፤ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ከዚህ ተነስቶ ከ2,000 ኪሎ ሜትር እጅግም በማይርቅ ቦታ መካከል ብቻ ነው የሚበረረው። ውቅያኖስ የሚሻገር አውሮፕላን አይመጣበትም። ስለዚህ የምታዪው ሁሉ ሰው ወደ ቅርብ ከተማ ሄዶ የሚመለስበት፣ ብዙውም ትንንሽ ነው። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጅራት ባይ ኖሮ ቁጭ ብዬ ማየት የምችል አይመስለኝም፤ ወዲያው ሻንጣ፣ ስልክ፣ የእናቴ ድምፅ ይመጣብኝ ነበር። እነዚህ ግን የማላውቃቸው ናቸው። ያልፋሉ፣ አያለሁ፣ በቃ። አንዲት የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ከተሰጣት፣ ማንም «ነይ» የማይላትና የማንንም ነገር የማትጠብቅበት ሁለት ሰዓት ማግኘቷ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አንዳንዶቻችሁ ከአሠሪዎቻችሁ ጋር፣ ለሕክምናም ሆነ ለኤምባሲ ሥራ ሲመጡ ወደዚህ ከተማ ልትመጡ ትችላላችሁ። የዕረፍት ሰዓት ካገኘሽ መሄጃውን ልንገርሽ። መግቢያ ክፍያ የለውም፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅሽም የለም። መኪና ያለው ሰው ከወሰደሽ፣ መናፈሻው የሚገባው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋሽንግተን በሚወስደው የመንገዱ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ ከከተማ የሚመጣ ሰው አልፎ ሄዶ መዞር አለበት። መኪና ከሌለሽ በምድር ባቡሩ እስከ ኤርፖርቱ ሄደሽ፣ ከዚያ በወንዙ ዳር የሚያልፈውን የእግርና የብስክሌት መንገድ ይዘሽ ወደ ሰሜን ግማሽ ሰዓት ያህል ትሄጃለሽ። ጠርዝ ጠርዙን ያዢ፤ ብስክሌተኞቹ ይፈጥናሉ፣ ከኋላ ደወል ሲያሰሙሽ ዞር ብለሽ አትደናገጪ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። ዛፉ ጥቂት ነውና ፀሐይ የሚከልል ነገር አትርሺ። ውሃሽን፣ ዳቦሽንና ቆሎሽን፣ ቡናሽን በፔርሙስ ያዢ። መጸዳጃው እየተነሳ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ስለ ንጽሕናው ብዙ አልናገርም።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብቀር ግን ጽሑፌ እውነተኛ አይሆንም። አውሮፕላኖቹ የሚታጠፉበት አካባቢ ካሉት ድልድዮች አንዱ አርላንድ ዊሊያምስ በሚባል ሰው ስም ተሰይሟል። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1982 ብርቱ በረዶ በጣለበት ቀን አንድ የኤር ፍሎሪዳ አውሮፕላን ክንፎቹ ላይ በረዶ እንደያዘ ከዚሁ ማኮብኮቢያ ተነሳ። ከፍ ማለት አቅቶት ድልድዩ ላይ ያሉትን መኪናዎች መታና በበረዶ የተሸፈነው ወንዝ ውስጥ ገባ። 78 ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው 4ቱ በድልድዩ ላይ የነበሩ ናቸው። ስድስት ሰዎች ብቻ ውሃው ላይ የተሰበረውን ጅራት ይዘው ቀሩ። ሄሊኮፕተር መጥታ ገመድ ስትጥል፣ ዊሊያምስ ገመዱን በተቀበለ ቁጥር ለሌሎቹ አሳለፈው። ሌኒ ስኩትኒክ የሚባል ተራ የመንግሥት ሠራተኛም ከዳር ቆሞ ሲያይ ከነበረበት ዘሎ ገብቶ አንዲት ሴት አወጣ። አምስቱ ዳኑ። ሄሊኮፕተሯ ለዊሊያምስ ስትመለስ እሱ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2025 ማታ ደግሞ፣ ከካንሳስ ግዛት መጥቶ ለማረፍ የተቃረበ የመንገደኞች አውሮፕላን ከጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ጋር በዚሁ ወንዝ ላይ ተጋጨ። በሁለቱም የነበሩ 67 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከእነሱ መካከል በበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር የሚታወቁ ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሄሊኮፕተሮቹ በኤርፖርቱ አጠገብ የሚያልፉበት መንገድ ተዘግቷል። በዚያን ሰሞን ሜዳው ላይ የሚመጣው ሰው አነስተኛ ነበር፤ የመጣውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

እኛም የራሳችን አለን። ቤይሩት ያለሽ እህቴ ጥር 25 ቀን 2010ን አትረሺውም። ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን በዚያ ዝናባማ ሌሊት ከደቂቃዎች በኋላ ባሕር ውስጥ ገብቶ 90 ሰዎች አለቁ፤ ኮንትራታቸውን ጨርሰው ለአገራቸው መሬት የቸኮሉ እህቶቻችን በውስጡ ነበሩ። መጋቢት 10 ቀን 2019 ደግሞ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም ቦይንግ 737 ነበሩ። እዚህ ሜዳ ላይ በራሴ በላይ ከሚያልፉት ብዙዎቹ የዚያው ዘር ናቸው። ይህን እያወቅሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንዳንዱ ሰው «ምን ልብ ብታገኚ ነው?» ይለኛል። ፍርሃቴ የጠፋው እዚህ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን በቀን ብዙ መቶ ጊዜ፣ በነፋስም በዝናብም፣ መብራቱ ከድልድዩ በላይ ብቅ ብሎ፣ ታጥፎ፣ ጎማው ጭሶ ሲያርፍ ማየት በወሬ ብቻ ከሚሰማው ነገር ይለያል። ወሬ የወደቀውን ብቻ ነው የሚያወራው።

ባለፈው ዓመት በጋ አንዲት እናት ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡ ናቸው። ልጃቸውና ባሏ ሕፃኑን ይዘው ወደ ውሃው ዳር ወርደዋል። እሳቸው ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ጥለው፣ ፊታቸውን ወደ ድልድዮቹ አድርገው፣ አንድ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር በለሆሳስ «ተመስገን፣ ገባ» ይላሉ። ሌላ ይመጣል፤ «ተመስገን፣ ገባ»። እኔ ቡና ቀዳሁላቸውና «እማማ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«የኔስ ደርሷል፤» አሉኝ፤ «የእነዚህም እናት ይኖራታል ብዬ ነው እንጂ።»

ፀሐይዋ ጠልቃ ማዶ ያለው ከተማ መብራቱን ሲያበራ ልጃቸው መጥታ «እንሂድ፣ መሽቷል» አለቻቸው። እጃቸውን ወደ ሰሜን ዘረጉ። ከወንዙ በላይ፣ ሩቅ፣ አንድ ነጥብ መብራት ነበር። «ይችን አስገብተን እንሄዳለን» አሉ።